ምትክ መቺ

ከባቡሩ ሐዲድ ወዲያ፣ ከሲሚንቶው አቧራ ወዲህ፣ ቤት ሼሜሽ ዳር፣
ማክሰኞ ማክሰኞ ኖራ እነሰንሳለሁ፣ ከቤት እስከ አጥር።
የማዘጋጃ ቤት ደመወዝተኛ ነኝ፤ ጨዋታው ቤዝቦል ነው።
መጀመሪያ ሳየው
ቀለበት የጠፋባቸው ሰዎች መሰሉኝ፤
ይቆማሉ፣ ያጎነብሳሉ፣ ደግሞ ይቆማሉ፣
ድንገት አንዱ ሲሮጥ ሁሉም ይጮኻሉ።

አሁን ገብቶኛል። ልጄ ኤልዳድ ወርዋሪ ነው።
ከጉብታው ላይ ክንዱን እንደ ወንጭፍ ሲያዞረው
ኳሷን ዐይኔ አያገኛትም፤
ጓንት ውስጥ ገብታ ጧ! ስትል ብቻ እሰማለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው።
በኛ በኮረብታው ሊግ የወረወረ ይመታል፣
ተራው ሲደርስ ዱላውን አንስቶ ይቆማል።
በባሕሩ በኩል ባለው ሊግ ግን ወርዋሪ ወርውሮ ያርፋል፣
በስሙ ሌላ ሰው ይመታል።
ምትክ መቺ ይሉታል፤ ጓንት የለው፣ ኳስ አይቀልብ፣
ሬሳውን ሳያውቅ በክፍያ እንደሚያለቅስ አልቃሽ
ሲጠሩት ይመጣል፣ መትቶ ይቀመጣል።

ዘንድሮ ሁለቱ ሊጎች ለዋንጫ ሊገናኙ ነውና
«አንድ ጨዋታ ሁለት ሕግ ይኑረው ወይ?» ተብሎ ስብሰባ ተጠራ።
አሰልጣኝ ጌርሾን ጢሙን እየጎተተ
«ዱላ ያልያዘ ሰው ግማሽ ተጫዋች ነው» አለ።
የሄርጽልያዋ ቬሬድ ተነሥታ
«ግማሽ ቢሆንስ? የልጅ ክንድ ስንቱን ይችላል?
እናንተ በናንተ፣ እኛ በኛ» ስትል ግማሹ አዳራሽ አጨበጨበ።
እኔ ወንበር ልሰበስብ ከበሩ ጥግ ቆሜ
ስለ ቁና አሰብኩ።

አባቴ እህል ሲሸምት፣ በማክሰኞ ገበያ
ቁናው አፉ ላይ በመዳፍ ይጠረጋል፤
በሐሙስ ገበያ እስኪፈስ ይቆለላል።
ዋጋውም እንደዚያው ነበርና ማንም ሌባ አልተባለም።
ጠብ የመጣው አንዱ የማክሰኞ ሰው
የራሱን ቁና ይዞ ሐሙስ የወጣ ቀን ነው።
ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ፤
ሰርዶው አጥር ሲሻገርስ? የማን በሬ ይንጨው?
ይህን ልል አፌን ከፈትኩ።
ሰርዶ በዕብራይስጥ ምን ይባላል?
ዘጋሁት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምትክ የሚባል ነገር አልወድም።
እዚህ አገር ከገባሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፤
ባንክም ሆነ ጤና ጣቢያ፣ ተራዬ ሲደርስ
የምትቆመው ሊራን ናት፣ የኤልዳድ ታላቅ።
ሕመሙ የኔ፣ አፉ የእሷ።
ወገቤን ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚወጋኝ፣
ሌሊት እንዴት እንደሚያገላብጠኝ ስዘረዝር
እሷ በሁለት ቃል ትመታዋለች።
ሐኪሙ እሷን እያየ የኔን መድኃኒት ይጽፋል።

ስለዚህ ማታ ኤልዳድን «አይዞህ» አልኩት፣
«ዱላህን አይቀሙህም፤ እኔ እሟገታለሁ።»
ጫማውን እየፈታ ሳቀ።
«አባዬ፣ እኔ እኮ መምታት እፈራለሁ።
ኳሷ ወደ ፊቴ ስትመጣ ዐይኔን እጨፍናለሁ።
ምትኩ ይምታልኝ፤ ተዉኝ ልወርውር።
ደግሞስ፣ ስብሰባው ላይ ቆመህ አልነበር?
ምነው ዝም አልክ?»

በኛ ቋንቋ ግጥም ቤት ይመታል።
እዚህ ቤት ማለት አምስት ማዕዘን ያለው ነጭ ጎማ ነው፤
ዞሮ ዞሮ ከቤት እንዲሉ፣ መቺው ሮጦ ሮጦ እሱኑ ይረግጣል።
ይህ ግጥሜ ቤት ባይመታ አትቀየሙኝ፤
ምትክ አላቆምኩም።

ውሳኔው ለሚቀጥለው ወር አደረ።
እሑድ ጤና ጣቢያ ሄድን። ሊራንን «ቁጭ በይ» አልኳት።
«ኮኤቭ ሊ ሀጋብ» አልኩ፣ ወገቤን ይዤ፣ በገዛ አፌ።
ሐኪሙ ቀና አለ። እኔን አየኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ።
ቀጥሎ የጠየቀኝ ግን ረጅም ነበር፣
ፈጣን፣ ወደ ፊቴ የሚመጣ፤
ዐይኔን ጨፈንኩ።
ሊራን ከወንበሯ ብድግ አለች።